የጓሮ አሳማ፦ የእንግሊዝ ገጠር የቤት ሥጋ

ሚያዝያ ላይ ይገዛል፤ የሞቃቱን ወራት ከቤቱ ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ያድጋል፤ ለትኩስ ሥጋ ከሆነ መስከረም፣ በጨው ታሽቶ ለሚቆየው ቤከን ከሆነ ኅዳር ላይ ይታረዳል። የጓሮ አሳማ ዕድሜ በእንግሊዝ ገጠር ከዚህ ብዙም አያልፍም። ሁለት ሦስት ሄክታር ያለው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ እናት አሳማ ይዞ እርባታ ውስጥ አይገባም። ጡት የጣሉ ሁለት ግልገሎች ከአርቢ ገዝቶ ያሳድጋል እንጂ። ሁለት የሚሆኑት በምክንያት ነው። አሳማ ብቻውን ሲሆን ይቆዝማል፣ መብሉንም በወጉ አይበላም፤ ጓደኛ ሲያገኝ ግን እየተሻማ ይጠግባል።

በኢትዮጵያ አሳማ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት በአብዛኛው ስለማይበላ፣ አማርኛ ለዚህ ሙያ የራሱ ቃል እምብዛም የለውም። ለፍየሉ ሙክት፣ ለበሬው ሰንጋ እንደሚባለው ለሰባ አሳማ የወጣ ስም የለም። ስለዚህ ከበግና ከከብት ቤት ቃል መበደር ግድ ይሆናል።

የቤት አሳማ ዘሩ ከዱር አሳማ ነው። ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በአናቶሊያና በቻይና ለየብቻ ለማዳ ሆኗል። ሴቷ የምታረግዘው 114 ቀን ያህል ሲሆን፣ የእንግሊዝ ገበሬ «ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን» እያለ ይቆጥረዋል። ግልገሎቹ በስምንት ሳምንታቸው ጡት ሲጥሉ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገት ነው ገበሬን የሚማርከው፦ ጥጃ ለሥጋ እስኪደርስ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ይጠበቃል፤ ቀስ ብለው የሚያድጉት የቆዩ የአሳማ ዝርያዎች ግን በስድስት በሰባት ወራቸው 70 እና 80 ኪሎ ይደርሳሉ። ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ ግሎስተርሻየር ኦልድ ስፖትስ ነው። ነጭ ሆኖ ጥቋቁር ነጥቦች አሉት፤ በፖም ዛፎች ሥር ወዳቂ ፍሬ እየለቀመ ስለሚያድግ፣ ነጥቦቹ የወደቀ ፖም ያበለዛቸው ናቸው ይባላል። ታምዎርዝ የሚባለው ደግሞ ቀይ ዳማ ነው።

የአሳማ ጥቅም ሁሉ የሚጀምረው ከሆዱ ነው። በግና ላም ሣር ያመነዥካሉ፤ አሳማ አያመነዥክም፣ ሆዱ እንደ ሰው አንድ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ሰው የሚበላውን ሁሉ፣ ሰው የተረፈውንም ሁሉ ይበላል። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የወተት ናጪዋ አሬራ፣ የአይብ ቤቱ አጓት፣ የጠማቂው አተላ ወደ ሥጋና ወደ ጮማ ይለወጣል። ለድሃ ቤት አሳማ ሳንቲም በሳንቲም የሚሞላ የቁጠባ ሣጥን ነበር። ልዩነቱ የሚጠራቀምበት ትራፊ መሆኑ ነው።

ከሱሬይ የመጣው ጸሐፊ ዊልያም ኮቤት እ.ኤ.አ. በ1821 እና 1822 ባወጣው «ኮቴጅ ኢኮኖሚ» በተባለው መጽሐፉ ለጎጆ ነዋሪው ዳቦ መጋገርን፣ ቢራ መጥመቅንና አሳማ ማሳደግን አስተምሯል። እንደ እሱ አባባል፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሁለት የቤከን ሙዳ ከሃምሳ ሺህ ስብከት ይልቅ ለቤት ሰላም ይበጃል። ኮቤት ለማጋነን የማያመነታ ሰው ነበር፤ የተራበ ቤት እንደማይስማማ ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

ፍሎራ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመችው «ላርክ ራይዝ» ደግሞ በ1880ዎቹ የኦክስፎርድሻየር መንደር ውስጥ የነበረውን ኑሮ ያሳያል። እሑድ እሑድ ወንዶቹ በየጋጣው እየዞሩ የጎረቤትን አሳማ ጀርባ ይፎክታሉ፣ ስለ ውፍረቱም ይከራከራሉ። መኖ መግዣ ያጣው ሰው ከወፍጮ ባለቤቱ የገብስ ዱቄት በዱቤ ይወስድና፣ አሳማው ሲታረድ ግማሹን ሥጋ ለዕዳው ይሰጣል። ዕርዱ የሚፈጸመው ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን ነው፤ ጨረቃ ስትጎድል የታረደ አሳማ ሥጋው ድስት ውስጥ ይኮማተራል የሚል እምነት ነበር። ትኩሱ ሥጋ፣ ጉበቱና የጎድን ቁራጩ ለጎረቤት ይታደላል፤ ጎረቤትም በተራው ሲያርድ ይመልሳል። ቅርጫ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በቅርጫ አንዱን በሬ በአንድ ቀን ይካፈሉታል፤ እዚያ ግን ክፍፍሉ ከቤት ቤት እየዞረ በወራት ይፈጸማል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ልማድ ከመንደር አውጥቶ የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። ቤከን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1940 በራሽን ሥር ሲገባ፣ ጎረቤታሞች የአሳማ ማኅበር እያቋቋሙ የሠፈሩን የወጥ ቤት ትራፊ እንዲሰበስቡ ተበረታቱ። የራሱን አሳማ የሚያርድ ሰው የቤከን ራሽኑን ይተዋል። ራሽን ሙሉ በሙሉ የቀረው በጁላይ 1954 ነው።

የጓሮ አሳማን ሒሳብ ከሥሩ የለወጠው ግን እ.ኤ.አ. የ2001 ወረርሽኝ ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ በኤሴክስ አንድ ቄራ ታየ። ዱካው ሲፈለግ ምንጩ በሰሜን፣ በኖርዘምበርላንድ፣ በወጉ ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ ሲመገብ የነበረ የአሳማ እርሻ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ከብት፣ በግና አሳማ ታረደ፤ ሬሳ በየሜዳው ተከምሮ ሲቃጠል ዓለም በቴሌቪዥን አየው። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ትራፊ ለአሳማ መስጠት በሕግ ተከለከለ። ክልከላው ከሚገመተው በላይ ጥብቅ ነው፦ ከጓሮ የተቆረጠ ጎመን በቀጥታ ለአሳማ ቢሰጥ ምንም አይደለም። ያው ጎመን የወጥ ቤቱን ደጃፍ አልፎ ገብቶ ከወጣ ግን፣ ሥጋ ወይም ወተት ነክቶት ሊሆን ይችላልና መስጠቱ ወንጀል ነው።

በዚህ ምክንያት የዛሬ የጓሮ አሳማ የሚኖረው በገበያ መኖ ነው። የድሮው መለኪያ እስካሁን ይሠራል፦ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ወር በቀን አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ያህል፣ ስድስት ፓውንድ ሲደርስ ማቆም። ግልገሉ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ በዚህ ሒሳብ 220 ኪሎ ገደማ መኖ ይጨርሳል። 80 ኪሎ የሚመዝን አሳማ ሲታረድ ወደ 58 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ከነአጥንቱ ይገኛል። የግልገሉ ዋጋ፣ የአጥሩና የቄራው ክፍያ ሲደመር ከሱፐርማርኬት ሥጋ ርካሽ አይወጣም፤ ርካሽ ነው የሚል ሰው ጉልበቱን አልቆጠረም። የቁጠባ ሣጥንነቱ ትራፊው ሲከለከል አብቅቷል። ዛሬ ሰው አሳማ የሚያሳድገው ምን በልቶ፣ የት ተኝቶ እንዳደገ የሚያውቀውን ሥጋ ለመብላት ነው።

ከትራፊው ዘመን የቀረ አንድ ነገር አለ። በደቡብ እንግሊዝ በኒው ፎረስት ደን፣ የጋራ መብት ያላቸው ነዋሪዎች በየዓመቱ መኸር ላይ አሳማዎቻቸውን ይለቃሉ። ከኦክ ዛፍ የሚረግፈው ፍሬ በጥሬው ለፈረስና ለከብት መርዝ ነው፤ አሳማ ግን ይሰባበታል። ደኑን ያጸዳል፣ ራሱም ይወፍራል።

አያያዙ ከባድ አይደለም፣ ስንፍና ግን አይወድም። ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ግማሽ ክብ ጎጆ ሲሆን ውስጡ ገለባ ይነጠፋል። አሳማ በቆሻሻነት ይታማል እንጂ ቦታ ካገኘ የሚተኛበት ላይ አይጸዳዳም፤ ጥግ መርጦ ይወጣል። ጭቃውን የሚወደው ላብ ስለማያልበው ነው፤ በሙቀት ጊዜ ሰውነቱን የሚያበርደው እየተንከባለለ ነው፤ ቆዳው ነጭ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ጭቃው ይሸፍንለታል። በአፍንጫው መሬት ይምሳል፤ አንድ ጥንድ አሳማ አረም የወረሰውን መሬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደታረሰ ያደርገዋል። የሚይዘው የኤሌክትሪክ አጥር ነው፤ ሁለት ሽቦ፣ ታችኛው ለአፍንጫው ቁመት። አንዴ የቀመሰው አሳማ ሽቦው ቢነሳ እንኳ መስመሩን ለማለፍ ያመነታል፣ ለማዘዋወር የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ክብደቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። በሜትር ገመድ ከፊት እግሮቹ በስተጀርባ ደረቱን ዙሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ከጆሮዎቹ መካከል እስከ ጅራቱ ሥር ርዝመቱን መለካት፤ ዙሪያው በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ፣ ከዚያ በ69.3 ይባዛል። ዙሪያውም ርዝመቱም አንድ አንድ ሜትር ከሆነ አሳማው 69 ኪሎ ገደማ ነው። የሚከብደው እየበላ እንዲቆም ማድረጉ ነው፤ መኖ ፊቱ ካልተደረገ ገመድ አያስነካም።

ሕጉ እያንዳንዱን አሳማ ይከተላል። መሬቱ ቁጥር ይወጣለታል፣ መንጋው ይመዘገባል፣ ከቦታ ወደ ቦታ መሄዱ አስቀድሞ ይገለጻል፤ አዲስ አሳማ በገባበት እርሻ ያሉት አሳማዎች 20 ቀን አይንቀሳቀሱም። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በኬንያ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1921 በጽሑፍ ከቀረበ ወዲህ በ1957 ፖርቱጋል፣ በ2007 ጆርጂያ፣ በ2018 ቻይና ደርሷል። ሰውን አይነካም፣ የነካውን አሳማ ግን እምብዛም አይተውም፤ በጨው በደረቀ ሥጋ ውስጥም ለወራት ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2014 መካከል ከሞቱ አሳማዎች የተገኘው ቫይረስ እስከዚያ ያልታወቀ ዓይነት ነበር።

ሌላው የሚፈራው ትል ነው። ኢትዮጵያዊው በጥሬ የበሬ ሥጋ የሚያገኘው ኮሶ አንጀት ውስጥ ይቀመጣል፣ መድኃኒቱም ዛፉም ስሙን ይጋራሉ። የአሳማው ኮሶ ዘመዱ ነው፤ ክፋቱ ግን ይበልጣል፣ እንቁላሉ በሰው ሰገራ በተበከለ ምግብ ሲገባ ዕጩ እስከ አንጎል ይደርሳልና። አሳማ ይህን ትል የሚይዘው የሰው ዓይነ ምድር ሲበላ ነው፤ መጸዳጃ ባለበትና አሳማው በታጠረበት አገር ስለዚህ እየጠፋ ሄዷል። የአሳማ ሥጋ በደንብ ይብሰል የሚባለው ለዚህም ጭምር ነው።

በእንግሊዝ ባለቤቱ በገዛ መሬቱ ለራሱና አብሮት ለሚኖር ቤተሰቡ ማረድ ይፈቀድለታል፤ እንስሳው መጀመሪያ መደንዘዝ አለበት፣ ከዚያ ሥጋ ለሌላ መሸጥ ግን አይቻልም። አብዛኛው ሰው በቅርቡ ወዳለ ቄራ ይወስዳል። የቆዳው ጠጉር በሙቅ ውኃ ተነክሮ ይፋቃል፤ ውኃው ከ60 ዲግሪ ከፍ ያለ ይሁን እንጂ አይፍላ፤ ከፈላ ጠጉሩ ቆዳው ላይ ይጣበቃል። ኮቤት ይህን አይወድም ነበር። እሱ የሚያወድሰው የሃምፕሻየሩን ዘዴ ነው፤ በገለባ እሳት መለብለብ፣ የተነጨ ዶሮ እንደሚለበለበው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጨው ነው። ቋንጣ ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ ስለሚሰቀል አየር ሥራውን ቶሎ ይጨርሳል፤ የአሳማ ታፋ ግን ከነአጥንቱ ስለሚያዝ ጨው እስከ መሃል እንዲደርስ ሳምንታት ይፈልጋል። የሆዱ ሥጋ በጨውና በስኳር ታሽቶ በቀን በቀን የሚያወጣው ፈሳሽ ይደፋል፤ በሳምንት ውስጥ ቤከን ይሆናል። ትንሽ ናይትሬት የሚጨመረው ቀይ ቀለሙን እንዲይዝና ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ እንዳይበቅልበት ነው። ታፋው ሲበላሽ የሚጀምረው ከአጥንቱ ዙሪያ ስለሆነ ጨው የሚያሸው ሰው እዚያ ጨው ይጠቀጥቃል፤ በኋላም ረጅም መርፌ እስከ አጥንቱ ወግቶ፣ አውጥቶ ያሸተዋል። ጭንቅላቱ ተቀቅሎ ይረጋል፣ ደሙና አንጀቱ ቋሊማ ይሆናሉ፣ ሞራው ቀልጦ በማሰሮ ይቀመጣል።

አሳማዎቹ የለቀቁት መሬት ተምሶና ፋንድያ ጠግቦ ይቀራል። ድንች ወይም ጎመን ይተከልበታል። የአንጀት ትል እንቁላል በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ለሚቀጥለው ሚያዝያ ግልገሎች የሚታጠረው ሌላ ቁራሽ ነው።