ላላየ ሰው ወፍ መንገር

ማሽላ ማሸት ሲጀምር በቆቦ ሜዳ ወፍ የማያይ ሰው የለም። የከተማ ሰው ወፍ ተመልካች ሲባል መነጽር ያንጠለጠለ ፈረንጅ ይታየዋል፤ እኔ ግን ከጎሊና ወንዝ ግራና ቀኝ ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ የሚያጮኹትን ልጆች የሚስተካከል ተመልካች አላየሁም። ጎህ ሲቀድ ወጥተው ጀንበር እስክትጠልቅ ዓይናቸው ሰማይ ላይ ነው። የሚያዩትን ያህል ግን አይናገሩም። አንዱን "ምን መጣ?" አልሁት።

"ግሪሳ።"

"መንቁሯስ ምን ይመስላል?"

"ኧረ ጋሼ፣ የወፍ መንቁር ነዋ!"

ጥቆማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ይቀድምና የታየው ይቀራል። ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ "ግሪሳ ገባ" ብሎ የሚደውል ሰው ፍርዱን ነገረው እንጂ ያየውን አልነገረውም። ድንቢጥም በመንጋ ትበራለች። ጎጆዋን ግራር ላይ የምታንጠለጥለው ቢጫ ወፍም ማሽላ ትነካለች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አንበጣ ተከትላ በመንጋ የምትመጣው ግራጫ ወፍ ነገር ነው። ከግሪሳ በእጅጉ ትገዝፋለች፣ አንበጣውንም እየለቀመች ትበላለች፤ እሷንም "ግሪሳ" ብለው በወንጭፍ ያባርሯታል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንበጣ ራያን ሲያራቁት ያየ ሰው እንዲህ ያለችዋን ወፍ ባያባርር ደስ ይለኛል።

የግሪሳ ዋና ዋናው ነገር የታወቀ ነው፤ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ20 ግራም ብዙም የማያልፍ፣ በቀን 10 ግራም ያህል ዘር የሚበላ፣ በዓለም ካሉ የዱር ወፎች በቁጥር ይበልጣል የሚባል።

መንቁሩ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከመራቢያ ወቅት ውጭ ወንዱም ሴቷም እንደ ድንቢጥ ቡናማ ዥንጉርጉር ናቸው፤ የሚያስታውቃቸው ወፍራም ቀይ መንቁራቸው ነው። መራቢያቸው ሲደርስ ወንዱ ፊቱ ይጠቁራል፣ ደረቱም ከገለባ ቢጫ እስከ ሮዝ ይደርሳል። አንዳንዱ ወንድ ግን ፊቱ አይጠቁርም፣ እንዲያውም ነጣ ይላል። ስለዚህ ሁለት ባለማሳዎች አንዱ "ፊቱ ጥቁር ነው"፣ ሌላው "ነጭ ነው" ብለው ቢሟገቱ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሴቷስ? በዚሁ ወቅት ቀዩ መንቁሯ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህን የሚያስተውል እንዴት ጥቂት ነው! በመንጋው መሐል ቢጫ መንቁር ከታየ ወፎቹ አላፊ መንገደኞች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ጎጆ እየሠሩ ወይም ሊሠሩ ነው። እንቁላሉ ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል ያቺ አንዲት "ቢጫ" የምትል ቃል ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ የቀናት ነገር ናት።

ቀጥሎ ማደሪያው። ቀን ማሳ ላይ የታየው መንጋ ማታ የት እንደሚያድር ካልተነገረ ጥቆማው ግማሽ ነው፤ ርጭት የሚደረገው ወፎቹ ግራር ወይም ፊላ ውስጥ ተሰብስበው ሲያድሩ፣ ምሽት ላይ ነውና። ወደ ዞብል ተራራ ነው የበረሩት ወይስ ወደ ዋጃ? በየትኛው ወንዝ ጠጥተው? ለርጭት የሚውለው ፌንቲዮን ግሪሳን ከጉጉት አይለይም፤ የተመረዘውን ወፍ የበላ ጭልፊትም አብሮ ይሞታል። በግምት ግራር የሚጠቁም ሰው ይህን ይወቅ።

"ሰማዩን ሸፈነው" ቁጥር አይደለም። መቶ ያህሉን ቁጠርና ያ መቶ በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ገምት። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ስልክህ 17:30 ሲል አንተ 11 ሰዓት ተኩል ትላለህ። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፍክ አመሻሽ ላይ የታየው ወፍ ረፋድ ላይ እንደታየ ይመዘገባል።

ፈጽሞ የማታውቀው ወፍ ሞቶ ካገኘህ በባዶ እጅህ አትንካው፣ ግን አትለፈው፤ ከጎኑ ብዕር አስቀምጠህ ፎቶ አንሳው፣ ክንፉንም ዘርግተህ አሳይ። በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ በጨለማ ነፍሳት የምታድን አንዲት ወፍ ሞታ ተገኘች። ከእሷ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር፤ በዚያው ክንፍ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ለዓለም ታወቀች።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለበት ሽመላ ካየህ ደግሞ ለመያዝ አትሩጥ። ቀለበቱ ላይ ያሰረው መሥሪያ ቤት መለያና ቁጥር ተቀርጿል። እንዳለ ገልብጠው፤ ዜሮ ይሁን "ኦ" ካልለየህ፣ "አልለየሁም" ብለህ ጻፍ።