የጥንት ግሪኮች የወርቅ ጌጥና የአንጥረኞቻቸው ጥበብ

ጌጥ የሚገዛ ሰው ሁሉ የወርቁን ሚዛን ይጠይቃል፤ የሠሪውን እጅ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የጥንት ግሪኮች ጌጥ ግን ከወርቁ ይልቅ ጥበቡ የሚያስደንቅ ነው።

ማኖሊስ አንድሮኒኮስ የተባለው ሊቅ በ1977 ዓመት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በግሪክ አገር በቬርጊና የመቄዶንያ ነገሥታትን መቃብር ባስቈፈረ ጊዜ፤ 313 ቅጠልና 68 ፍሬ ያለው የባሉጥ አክሊል ተገኘ፤ ሁሉም ወርቅ ነው። አንጥረኞቹ ወርቁን እየቀጠቀጡ እንደ ወረቀት ያሳሱት ነበር። ከስሱም ወርቅ ጥብጣብ ቈርጠው፤ ጠምዝዘው፤ በጠፍጣፋ ነገር ላይ እያንከባለሉ ክር ያደርጉታል።

ከሁሉ የሚከብደው የፍንጣሪው ሥራ ነው። የወርቅ ቍራጭ በከሰል ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ ሲግል፤ ቀልጦ እንደ ውሃ ነጠብጣብ ይድቦለቦላል። በሮዶስ ደሴት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ከሰናፍጭ ያነሰ እንዲህ ያለ ፍንጣሪ በጌጥ ላይ ይደረደር ነበር። ነገር ግን ፍንጣሪው ሳይቀልጥ እንዴት ይጣበቃል?

ጥበቡ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስለ ነበረ፤ ተቀባይ ሲታጣ ጠፋ። በ19ኛው መቶ ዓመት በሮማ የነበሩት ካስቴላኒዎች ብዙ ደክመው ከጥንቱ ሥራ ሊደርሱ አልቻሉም። በ1933 ዓመት ግን ሊትልዴል የተባለ እንግሊዛዊ መንገዱን አገኘ። የመዳብ ዱቄት በሙጫ ተለውሶ ፍንጣሪው ይለጠፍበታል፤ በእሳት ጊዜ ሙጫው ከሰል ይሆንና መዳቡን ያነጻዋል። ንጹሕ ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሲሆን መዳብ የነካው ስፍራ ብቻ በ900 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ፍንጣሪው መልኩን ሳይለውጥ ይያያዛል። ሮማዊው ፕሊኒዮስም ወርቅ ስለሚያያይዝ አረንጓዴ የመዳብ ደንጊያ አስቀድሞ ጽፎ ነበርና፤ ብዙ ሊቃውንት የጥንቶቹ ምሥጢር ይህ እንደ ሆነ ያምናሉ።

ከግሪኮች ጌጥ ዛሬ የሚታየው አብዛኛው ከሙታን ጋር የተቀበረው ነው፤ በሕያዋን እጅ የቀረው ለአዲስ ጌጥና ለገንዘብ ሲባል ቀልጦ አልቋል። እንግዲህ ከእናት ከአያት የተወረሰ አሮጌ ጌጥ በቤቱ ያለው ሰው፤ ወደ እሳት ከመስጠቱ በፊት ያስብበት። ወርቁ ከእሳት ይወጣል፤ የሠሪው እጅ ግን አይመለስም።