ዳሌ፣ ቦርጭና ጤና፦ ተረትና እውነታ

በሐረር አቦከር ሰርግ ቤት አንዷ ወፈር ብላ ብትመጣ «ተመችቶሻል» ትባላለች። የከሳችዋን ደግሞ «ምን ነካሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» ይሏታል። ወጣቶቹ በበኩላቸው ስልካቸው ላይ በሚያዩት ቀጭን ወገብና ሰፊ ዳሌ ራሳቸውን ይለካሉ። ዐይን የሚፈርደው መልክን እንጂ ጤናን አይደለም።

ተረት፦ መወፈር የጤንነት ምልክት ነው።

እውነታ፦ ረሃብና ከባድ በሽታ ባየ አገር እንዲህ መታሰቡ አይገርምም። ዛሬ ግን ከመጠን በላይ መክሳትም መወፈርም አብረውን አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 22 በመቶዎቹ ከመጠን በላይ የከሱ ነበሩ። ከመጠን በላይ የወፈሩት በ2000 እ.ኤ.አ. ከነበሩበት 3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ደርሰው ነበር፤ ችግሩ ጎልቶ የሚታየውም በከተማ ነው።

ተረት፦ ሰፊ ዳሌ ያላት ሁሉ መክሳት አለባት።

እውነታ፦ ዋናው ጥያቄ ስቡ የት ተጠራቀመ የሚለው ነው። የዳሌና የጭን ስብ ያን ያህል አያሰጋም። ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጋልጠው ሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። የወገብ ዙሪያ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጨምራል፤ ከ88 እና ከ102 በላይ ሲሆን ይበረታል። ስለዚህ የወንድ ቦርጭም የሀብት ምልክት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሚዛንን በተመለከተ፣ ቁመቷ 1.60 ሜትር ለሆነ ሴት ከ48 እስከ 63 ኪሎ ጤናማ ይባላል። ሚዛን ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም።

ተረት፦ ጫት የሚቅም አይወፍርም።

እውነታ፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ለሰዓታት ይዘጋል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ይጨምራል። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጡና ምርቃናው ሲያልፍ በሌሊት የሚበላው ግን ቦርጭ ያመጣሉ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ለቀኑ ሙሉ ከ6 ባይበልጥ ይመረጣል ይላል።

ተረት፦ የማወፈሪያ ኪኒን ጉዳት የለውም።

እውነታ፦ ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን የሚወስዱ አሉ። መድኃኒቱ ፊትን የሚሞላው በውሃና በስብ ነው። የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጡንቻን ያከሳል፣ አጥንትን ያሳሳል። ለብዙ ሳምንታት የወሰደች ሴት በድንገት ብታቋርጠውም ለሕይወቷ ያሰጋታል፤ የምታቆመው ሐኪም አማክራ ቀስ በቀስ ነው።

የወገብ ዙሪያችሁን ቤታችሁ ውስጥ ለኩ፤ የደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን በጤና ጣቢያ ተመርመሩ። ከሸዋ በር ወደ ጀጎል ግንብ ውስጥ ስትገቡ ባጃጁን ትታችሁ በእግራችሁ ሂዱ። ሴት ልጃችሁ በዳሌዋ አፍራ ምግብ ከቀነሰች፣ ዳሌዋ ተፈጥሮዋ እንጂ በሽታ አለመሆኑን ደጋግማችሁ ንገሯት።