ከመርጨታችን በፊት እንደዋወል



ፊደል ቆጥራችሁ ስማችሁን መጻፍ ችላችኋል። ቁጥርም ለይታችኋል። እንግዲህ የተማርነው ሥራ ላይ ካልዋለ ምን ይረባል? ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክ ለፍራፍሬ ዛፍና ለንብ ቀፎ እንዴት እንደሚያገለግል እናያለን።

በመጀመሪያ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በማስተምርበት ቀበሌ አንድ ገበሬ አቮካዶው አብቦ ሳለ ተባይ አየበትና ረፋድ ላይ መድኃኒት ረጨ። ከአጥር ማዶ አምስት ቀፎ ያላቸው እናት አሉ። በማግስቱ የቀፎዎቹ ደጃፍ በሞተ ንብ ተሸፍኖ አገኙት። ሁለቱም ስልክ ነበራቸው። ግን አንዱ ለሌላው አልደወለም።

ጉዳቱ የባለ ንቧ ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ ሲከፈት ሴቴ ነው፤ ይዘጋና በማግስቱ ሲከፈት ወንዴ ይሆናል። በሜጫ፣ በቆጋ መስኖ ገበሬዎች የሚያለሙት ሃስ የተባለው ዝርያ ጧት ሴቴ ሆኖ ይከፈታል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንዴ ሆኖ ይከፈታል። ስለሆነም ብናኙን ከወንዴው አበባ ወደ ሴቴው የሚያደርስ ተሸካሚ ያስፈልጋል። ከተሸካሚዎቹ ዋናዋ ንብ ናት። ንብ የገደለ ሰው የራሱን ፍሬ ቀነሰ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቁጥር እንመዝግብ። ባለ ፍራፍሬውና ባለ ንቡ ስልክ ይለዋወጡ። ስትመዘግቡ መጀመሪያ «ንብ» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። ያን ጊዜ ንብ ያላቸው ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ስልኩ ውስጥ አንድ ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቀን አስቀድመን እንናገር። «ነገ ማታ እረጫለሁ» የምትል አጭር መልእክት ትበቃለች። ጎረቤታችሁ ገና ማንበብ ካልቻለ ደውሉለት። ባለ ንቡም ቀፎውን አየር በሚያስገባ እርጥብ ጆንያ ለመሸፈን ወይም በሌሊት ለማራቅ ጊዜ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ሰዓት እንጠብቅ። ዛፉ አብቦ ሳለ አትርጩ። የግድ ከሆነ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ይሁን። ለዚህ የስልኩን ደወል ሙሉት። ልብ በሉ፣ የእኛ ማታ 12 ሰዓት ስልኩ ላይ 6:00 ወይም 18:00 ተብሎ ይታያል። ይህን ያልለየ ሰው ደወሉ በእኩለ ቀን ይጮህበታል! አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ አድሮም ይገድላልና በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትክፈቱት።

አራተኛ፣ ፎቶ እናንሳ። ስልካችሁ ካሜራ ካለው የታመመውን ቅጠልና በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንስታችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አሳዩ። በግምት ከመርጨት ጠይቆ መርጨት ይሻላል።

አንዳንድ ሰዎች «ስልክ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ለእርሻ ምን ሊሠራ?» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው በነፃ እየደወለ የግብርና ምክር በገዛ ቋንቋው በድምፅ እንዲሰማ የተዘጋጀ ነው። ስልክ መምህር ሊሆን እንደሚችል ከዚያ አይተናል። ጎረቤትን ከጎረቤት ማገናኘቱ ደግሞ ከዚያም ይቀላል።

እኒያ እናት አሁን ከእኔ ዘንድ ይማራሉ። ባለፈው ሳምንት ከዚያው ጎረቤታቸው መልእክት መጣላቸው። «ነገ ማታ» የሚለውን ፊደል እየቆጠሩ ራሳቸው አነበቡት፤ ወዲያውም ጆንያ ፍለጋ ተነሡ።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይኸው ነው፦ ከመተኛታችሁ በፊት ቀፎ ያለው የቅርብ ጎረቤታችሁን ቁጥር መዝግቡ።