ቆላ ሲወረድ ጆሮ የሚደፈነው ለምንድን ነው?

ከጎንደር ወደ ቆላው አብርሃ ጅራ በሚወርድ መኪና ውስጥ «ጆሮዬ ድፍን አለብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ «የቆላው ሙቀት ነው» ይለዋል፤ ሌላው «በመስኮቱ ንፋስ ገብቶብህ ነው፣ ጥጥ ወትፍበት» ብሎ ይመክረዋል።

ሙቀቱም ንፋሱም ጥፋት የለባቸውም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ቆላው ግን ለምሳሌ መተማ ዮሐንስ ላይ ወደ 700 ሜትር ይወርዳል። ዝቅ ባልን ቁጥር በላያችን የሚጫነው አየር ስለሚበዛ፣ መተማ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከጎንደሩ በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል። «ጆሮ የሚደፈነው አውሮፕላን ላይ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። የአውሮፕላን ተሳፋሪ ክፍል ግን በበረራ ላይ የሚይዘው ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው፤ ያም የጎንደር ግፊት ማለት ነው። በመኪና ቆላ የሚወርድ ሰው ጆሮ የሚገጥመው ለውጥ ቆላ አገር ላይ ከሚያርፍ አውሮፕላን ተሳፋሪ ብዙም አያንስም፤ መኪናው ቀስ ብሎ መውረዱ ብቻ ይረዳዋል።

ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ መካከለኛው ጆሮ የሚባል፣ አየር የያዘ ትንሽ ክፍል አለ። ብዙ ሰው አየሩ በጆሮ ቀዳዳ የሚገባ ይመስለዋል። ያልተበሳ ታምቡር ግን አየር አያሳልፍም። መግቢያው ከአፍንጫ ጀርባ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚደርስ፣ በአዋቂ ሰው 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቱቦ አለ። ዩስታኪያን ቱቦ የሚባለው በ16ኛው መቶ ዘመን በገለጸው ጣሊያናዊ ሐኪም ስም ነው። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ምራቅ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ የላንቃ ጡንቻዎች ይስቡትና ለቅጽበት ይከፈታል፤ ያኔ «ቋ» ይልና ጆሮ ይፈታል። ጥጥ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ግፊቱንም አያስቀርም።

ዳገት ለእግር ቢከብድም ለጆሮ የሚከብደው ቁልቁለቱ ነው። ስንወጣ በውስጥ ያለው አየር ስለሚሰፋ ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ስንወርድ ግን የውጭው ግፊት ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ቱቦውም ካልሳቡት አይከፈትም። ልዩነቱ ከበዛ ደግሞ ጡንቻዎቹ ሊከፍቱት ይሳናቸዋል። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቆሎ እያላመጡ፣ ውኃ ፉት እያሉ መውረድ ነው። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ምራቁን የሚውጠው አልፎ አልፎ ስለሆነ ቢቀሰቀስ ይሻላል። የሕፃናት ቱቦ ጠባብ ነው፤ ሕፃኑ ቁልቁለት ላይ ሲያለቅስ ሙቀቱን ብቻ አትጠርጥሪ፣ ጡት ስጪው።

ጉንፋን ይዞት ለሰሊጥ ሥራ የሚወርድ ወጣት ከሁሉም በላይ ይቸገራል፤ የቱቦው ግድግዳ አብጧልና። አፍና አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ሊረዳ ይችላል። «በኃይል ከተነፋ ይከፈታል» የሚለው ግን አደገኛ ነው፤ ታምቡርንም የውስጥ ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትኩስ ዘይት ጠብ ማድረግና በክብሪት እንጨት መጎርጎር ነው። የተዘጋው ከታምቡሩ ወዲያ ስለሆነ ዘይቱ አይደርስበትም፤ ቆዳውን ግን ያቃጥላል፣ ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ተራው መደፈን በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ደም ወይም መግል ከወጣ፣ ራስ ከዞረ፣ ወይም መስማት ካልተመለሰ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ እስኪታይ ድረስም ጆሮው ውስጥ ምንም አይግባ።