ነጭ ሥጋ ያላቸውን ዓሦች በምግብ ዝግጅት መተካካት፦ ከቀለም ይልቅ የሥጋ ባሕርይ

ሥጋቸው ነጭ የሆኑ ዓሦች በምግብ ዝግጅት ያለ ልዩነት የሚተካኩ ይመስላሉ። የስም አጠራሩም ይህን ግምት ያጠናክራል፤ «ነጭ ዓሣ» በጫሞ ሐይቅ አካባቢ የናይል ፐርች፣ በጣና ደግሞ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች መጠሪያ ነው። ሁለቱ ግን በሥጋ ባሕርያቸው ይለያያሉ።

የዓሣ ሥጋ በስስ ኮላጅን የተያያዙ አጫጭር የጡንቻ ንብርብሮች ያሉት ነው። ይህ ኮላጅን ከከብት ሥጋ ኮላጅን ባነሰ ሙቀት ስለሚሟሟ ንብርብሮቹ ቶሎ ይለያያሉ። በመሆኑም ተተኪ ሲመረጥ የሚነጻጸሩት የሥጋው ውፍረት፣ ጥንካሬ፣ የስብ መጠንና የአጥንት ሁኔታ ናቸው። የናይል ፐርች ሥጋ ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑ በወጥ ውስጥ ቅርጹን ይይዛል። የቆሮሶ ሥጋ በአንጻሩ ስስ በመሆኑ ለፈጣን ጥብስ ይስማማል፤ በወጥ ውስጥ ከተተካ ቁሌቱ በሚገባ ከበሰለ በኋላ ተጨምሮ፣ ሳይማሰል ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መቆየት አለበት። በላቤኦባርበስ ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን አጥንቶች ስለሚበዙ ለሕፃናት ምግብ ምትክ ማድረግ አይመከርም፤ ለአዋቂዎች ግን ጎኑ በቅርብ በቅርብ ተተልትሎ በጋለ ዘይት ሊጠበስ ይችላል።

የዚህ ዕውቀት ፋይዳ ከጣዕም ያልፋል። የጫሞ ናይል ፐርች ከልክ ባለፈ ማጥመድ ተጎድቷል፤ ገዢ ሁሉ አንድ ዓሣ ብቻ ሲፈልግ ጫናው በዚያው ዝርያ ላይ ይበረታል። ስለዚህ የምግብ አዘገጃጀት መመሪያዎች ከዓሣው ስም ጋር የሚፈለገውን የሥጋ ባሕርይም ሊገልጹ ይገባል።