ብረቱ ይቅደም፣ ጨርቁ ይከተል

በሐይቅና በአምባሰል የጭቃ ቤት ግድግዳ እምብዛም ቀጥ አይልም፤ መስኮት ብቻ ለክቶ ገበያ መውጣት ኪሳራ ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስምና። እኔ መጀመሪያ ብረቱ ይሰቀል እላለሁ። ወደ ውስጥ የሚከፈት የእንጨት መስኮት መጋረጃውን እንዳይቦጭቅ ብረቱ ከመስኮቱ በላይ ሆኖ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። መስኮቱ 1 ሜትር ከሆነ ብረቱ 1.30፣ ጨርቁ ደግሞ እጥፋት እንዲኖረው 2.60 ሜትር ይሆናል። ቁመቱን ከብረቱ እስከ ወለሉ በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ለክተው አጭሩን ይያዙ፤ ለቅምቅማት 20 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ።

ፊሸር ለብሎኬት ነው፤ ጭቃ አይይዘውም። ግድግዳውን አንኳኩተው ቋሚውን እንጨት ይፈልጉና ብሎኑን እዚያ ይሰሩ።

ተከራይ ከሆኑ (የሕግ ሰው ነኝና ይፈቀድልኝ) ብረቱን በሲሚንቶ አይትከሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን ሳያበላሹ የማይነቀል ነገር የቤቱ አካል ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሲለቁ ብረቱ ለአከራዩ ይቀራል።